የማርላ ጥቅል ጎመን

ሕልም ለማየት መተኛት ያስፈልጋል ያለው ማን ነው? ማርላ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሺህ ሰው እያያት፣ በጀርባዋ ተዘርግታ አለመች።

ማርላ ጃፓን አገር ሬስሊንግ የምትታገል አሜሪካዊት ናት። ሥራዋ በትግሉ ትርኢት ክፉዋን ሆና መጠላት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጸጉር ስትጎትት፣ ዳኛ ስትገፈትር፣ ሕዝቡም «አገርሽ ግቢ!» እያለ ሲጮኽባት፣ በዚሁ እንጀራዋን ስትበላ ኖረች። ባለፈው ሳምንት ግን ጉድ ፈላ። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የሚሰድቧት እማማ ፉሚኮ የሚባሉ አሮጊት፣ ትልቅ ጥቅል ጎመን ታቅፈው ዳገት ላይ ሲያቃስቱ አየቻቸውና ተቀብላ ቤታቸው አደረሰችላቸው። አንዱ ፎቶ አነሣት። ፎቶው አገር አዳረሰ።

«የሚወደድ ክፉ ምን ያደርግልኛል?» አሉ አለቃዋ አቶ ኦኩራ። «ነገ ካጨበጨቡልሽ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ምን ዋጋ አለው፣ ትናንት ገና ወደ መድረኩ ስትገባ አጨበጨቡላት! ደንግጣ ስትቆም ተጋጣሚዋ ሃሩና ከወገቧ አንሥታ በማጅራቷ ጣለቻትና ላይዋ ላይ ተኛችባት። ሦስት እስኪቆጠር ትከሻዋ ካልተነሣ አለቀላት። ዳኛው «አንድ!» አሉ።

ማርላ ግን ሕልም ውስጥ ገብታለች።

በሕልሟ መድረኩ ላይ የሚታገሉት ተመልካቾቹ ነበሩ። ታጋዮቹ ቲኬት ቆርጠው፣ ኦቾሎኒ እየቆረጠሙ ያያሉ። የፖስታ ቤት ሠራተኛው የጥርስ ሐኪሙን አንሥቶ ሲያፈርጠው ሐኪሙ በደስታ እልል አለ፤ የወደቀ ያሸንፋላ! የሻምፒዮኑ ቀበቶ ደግሞ አቶ ኦኩራን ታጥቆ ይንጎራደዳል። አቶ ኦኩራ ከቀበቶው ወገብ ላይ ሆነው፣ «ማርላ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ሰው ሁሉ ወደደሽ። ተባረሻል» አሏት።

ወዲያው አውሮፕላን ማረፊያ ተገኘች። ፓስፖርት የሚያየው መነጽር ያደረገ ጥቅል ጎመን ነበር።

«ጃፓን ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ልጠላ።»

«ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ተወደሻል» አለና ማኅተሙን ግንባሯ ላይ መታ።

ለካ ሽኝት ተዘጋጅቶላት ኖሯል! ሕዝቡ እያለቀሰ ለሚወደው ታጋይ ብቻ የሚወረውረውን ባለቀለም ሪባን ይወረውርላታል፣ ሃሩና ጀርባዋን ታሽላታለች። በስድስት ዓመት አንዲት ሪባን ወርውሮላት የማያውቅ ሕዝብ! ደስ አላት፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አላት። አውሮፕላኑ ሞተሩን ሲያስነሣ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገች። ይህን ሥራ ትወደዋለች፤ ረጅሙን የአውቶቡስ ጉዞ፣ የሃሩናን ጡጫ፣ የእማማ ፉሚኮን ስድብ ሳይቀር።

«ባካችሁ አንድ ሰው ይስደበኝ!» ብላ ጮኸች።

«ኧረ ምን በወጣሽ!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

ሪባኑ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ወደ አውሮፕላኑ ደረጃ ይጎትታት ጀመር። ቀና ብትል እማማ ፉሚኮ የአብራሪ ኮፍያ ደፍተው በመስኮት ብቅ ብለዋል።

«እማማ! እርስዎ እንኳ ይስደቡኝ እንጂ!»

እማማ ፉሚኮ አፋቸውን ከፈቱ።

«ሌባ!»

ማርላ ነቃች። ድምፁ የእውነት ነበር። እማማ ፉሚኮ ወንበራቸው ላይ ቆመው ነጠላ ጫማቸውን እያወዛወዙ ይጮኻሉ።

«ጎመኔን ይዛ ጠፋች! ለፎቶ ነው የተሸከመችው! ደግነትን የት አባቷ ታውቀዋለች? አገርሽ ግቢ!»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ዳኛው እንኳ እጃቸውን እንዳነሡ «ሁለት» ማለቱን ረሱት። ከዚያ ሁለት ሺህ ሰው ተነሥቶ «አገርሽ ግቢ!» ብሎ አዳራሹን አናወጠው።

ጎመኑንማ ሾርባ ሠርተው አብረው ነው የበሉት፤ እማማ ሁለት ጊዜ ጨምረውላታል። ማርላ አንገቷን ዘወር አድርጋ አየቻቸው። አሮጊቷ እየተሳደቡ ዓይናቸውን ጠቀሱላት።

ማርላ ሃሩናን አሽቀንጥራ ተነሣች። ዕንባዋ እየወረደ ወደ ገመዱ ሮጠችና፣ ለእማማ ፉሚኮ ምላሷን አወጣችላቸው።