ለአንድ ትሪ የተቆፈረ ኩሬ

የችግሩ መነሻ ሥጋ ነው። በመቱ፣ በእኛ ሰፈር፣ ድግስ ሲደገስ ሁለት ይታረዳል፤ አንዱ ለእስላሙ፣ አንዱ ለክርስቲያኑ። ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ዓይነት ትሪ ይቀርባል። እትዬ ሙፊዳና እትዬ ተሻለች አጥራቸው የሚገናኝ ጎረቤታሞች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሽሮውንም ጎመኑንም አብረው በልተዋል፤ አንዷ የሌላዋን ልጅ አዝላ አሳድጋለች። የድግስ ቀን ግን ወጡ ይለያያቸዋል። እትዬ ሙፊዳ ይህ ነገር መረራቸው። ልጃቸው ኢክላስ ስትታጭ፣ ሰርጉም ለከርሞ ጥር ሲቆረጥ፣ "ለዚህ ሰርግ አንድ ድስት ብቻ ነው የምጥደው" ብለው ለሰፈሩ አወጁ።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሦስት ዓመት ያሰበበትን ነገር በሦስት ቀን ይጀምረዋል። አያነብም፣ አይለካም፣ አይጨነቅም። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ይሳካለታል። ታውቁታላችሁ። እንቅልፍ የነሳችሁም አትጠፉም።

አስቀድሜ ልናገር፦ የዓሣ ኩሬ የእኔ ሐሳብ ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የጓሮዬን አፈር በጠርሙስ ውሃ በጥብጬ አሸዋውን ከሸክላው ለይቻለሁ፤ የፀሐዩን አቅጣጫ በየወሩ መዝግቤአለሁ፤ የኩሬውን ንድፍ በሦስት ቀለም ስያለሁ። አንድ እሑድ ይህን ሁሉ በሚያዋስነን አጥር ላይ ተደግፌ ለእትዬ ሙፊዳ አስረዳኋቸው። በመሃል፣ ያለ ምንም ክፉ ሐሳብ፣ "ዓሣ አይታረድም፤ ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም" አልኩ።  ማክሰኞ ጠዋት ከወዲያ ማዶ የዶማ ድምፅ ሰማሁ።

"እትዬ ሙፊዳ፣ ጥልቀቱን ሳይለኩ?"

"ይጀመርና ይታያል!" አሉኝና ወደ ቆፋሪው ዞሩ። "ሂካ፣ ሜ፣ እስቲ ቀጥል!"

እኔም ተከትዬ ጓሮዬን ቆፈርኩ፤ ውሃው እንዳይሰርግ ጂኦሜምብሬን የሚሉትን ወፍራም ላስቲክ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። የኩሬ ሚኒስትራችን እትዬ ሙፊዳ ግን የሂካን አራት በሬዎች ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው ግማሽ ቀን ጭቃውን አስረገጡት። የተረገጠ ሸክላ ውሃ አያሳልፍም፤ ይህን በደስታ ላብራራላችሁ እችላለሁ፤ ለእሳቸው ግን ማንም አላብራራላቸውም። የእኔን ላስቲክ በሁለተኛው ሳምንት ጃርት ቀደደው።

በታኅሣሥ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሁለት መቶ ጫጩት ኦክስጅን በተነፋ ላስቲክ ይዘው፣ በሚኒባስ፣ ጭናቸው ላይ አቅፈው መጡ። አንድም አልሞተባቸውም። እኔ የመኖውን ፕሮቲን በመቶኛ እያሰላሁ ሳለ እሳቸው የምስጥ ኩይሳ እያስፈረሱ ምስጡን በባልዲ ይደፉላቸው ጀመር። ምስጥ ለዓሣ ምርጥ መኖ ነው። መጽሐፌ ውስጥ አለ፤ ገና አልደረስኩበትም ነበር።

ሰኔ ላይ ኩሬው ፈላ። እፍኝ ፉርሽካ ሲበተን ውሃው እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ከአጎራባቾቹ ከሁሩሙና ከኖፓ ሳይቀር ሰው ለማየት መጣ። "ሺህ ሆኑ፣ ማሻአላህ!" ይላሉ ክብርት እትዬ ሙፊዳ። እኔ ባዶ ጉድጓዴ ዳር ቆሜ አያለሁ።

ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ቆሮሶ ገና በልጅነቱ ይወልዳል፤ እናቲቱ ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምታሳድግ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ኩሬው በትንንሽ ዓሣ ይጨናነቃል፣ መኖው ለሁሉም አይዳረስም፣ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። መድኃኒቱ አምባዛ የሚባለው ዓሣ በል ዓሣ ነው። አምባዛ ጫጩቶቹን እየለቀመ ይበላል፤ የተረፉት ቦታም መኖም አግኝተው ይወፍራሉ። የሚገባው አምባዛ ግን ትንሽ መሆን አለበት፤ ትልቁ ወላጆቹንም ይጨርሳል። እኔ ደግሞ ሃያ ትንንሽ አምባዛ ነበሩኝ። አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ ጠባብ ገንዳ ይችላል፤ ኩሬዬ እስኪጠገን ሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ።

"መምህር፣ ስድስት ወራቸው እኮ ነው" አሉኝ አንድ ቀን በአጥሩ። "አውራ ጣት አክለው ቀሩሳ?"

"ጊዜ ይስጧቸው" አልኩ።

ይህን ያለው አፌ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉም ያንኑ አለ፤ ስለ አምባዛው ትንፍሽ አላለም። እትዬ ተሻለች እንኳ ተስፋ ቆርጠው "ሙፊዳ፣ ሁለት ድስት ብንጥድ ምን ይለናል? ለምደነዋል" ሲሉ ሰማሁ። እትዬ ሙፊዳ ባዶውን የምስጥ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበት። 

በማግስቱ ከሁሩሙ የመጡ እንግዶች ኩሬውን ከበው "ማን አስተማረሽ?" አሏቸው። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ነበር።

"ጭንቅላቱ የመምህር ነው" አሉ። "እኔ ጉልበት ነው ያዋጣሁት። የሚጠየቅ ካላችሁ እሱን ጠይቁ፤ የሚያውቀውን አይደብቅም።"

እንግዶቹ ሳይወጡ ሃያዎቹን በባልዲ ይዤ ገባሁ። ትንንሾቹን በመረብ አውጥተን ለዶሮ እንደምንሰጥ፣ አምባዛዎቹ የቀረውን እንደሚያስተካክሉ አንድ በአንድ አስረዳሁ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ አፍህን ምን ዘጋው?"

"ቀንቼ ነው፣ እትዬ ሙፊዳ።"

አፈጠጡብኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ስቀው ስቀው መሬት ተቀመጡ። "ተሻለች! ኧረ ነይ፣ ጉድ ስሚ! መምህር በእኔ ቀንቶ!" ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ተማሪዎቼም ሰሙ።

ከወራት በኋላ፣ ባለፈው ቅዳሜ መረቡ ሲወጣ ዓሣዎቹ መዳፌን አልፈው የእጄን አንጓ ይነካሉ። ዐሥሩ ለሙከራ ተሠሩ። ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን ታጥበው አንድ ትሪ ላይ ቀረቡ፤ ማንም አልጀመረም።

"ብዪ እንጂ።"

"አንቺ ቅደሚ፣ ቤቱ ያንቺ ነው።"

"እንግዳዋ አንቺ!"

በመጨረሻ እትዬ ተሻለች ከወጡ ትልቁን ቁራጭ ጠቅልለው እትዬ ሙፊዳን አጎረሱ። እትዬ ሙፊዳ ቶሎ አልዋጡትም። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በርበሬው ነው አሉ።

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እትዬ ሙፊዳ አሁን የተያዙት እሾህ በማውጣት ነው፦ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች እንዳያንቃቸው ከሁለት መቶ ዓሣ ሥጋው ሳይፈርስ እሾሁን በመንቀል። አከርካሪው የት እንደሚያልፍ፣ ቢላው በየትኛው በኩል እንደሚገባ በሥዕል አሳየኋቸው። ሥዕሉን አላዩትም። በእኔ ዘዴ አንዱ ዓሣ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። እሳቸው ዛሬ ጠዋት በሦስት አወጡት፤ ቢላ አልነኩም፣ በጣታቸው ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሰዓቴን ይዤ፣ እንደገና እየቀናሁ ነው።