ያሳጠርኩት ሕመም

ሰው ሲታመም ታሪኩን ለምን ከሩቅ እንደሚጀምር ይገርመኛል። እናንተንስ? «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ቢሉት፣ የኛ ሰው ከቤቱ ከወጣበት ቀን ይነሳል። እኔ በሰው አገር፣ ዶራሌ ወደብ ዕቃ የማስለቅቅ ትራንዚተር ነኝ፤ ፈረንሳይኛም ሶማሊኛም ስለምሞካክር፣ ሐበሻ ታሞ ድንገተኛ ክፍል በገባ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። ሾፌሩ ሚሌ ላይ ስለፈነዳው ጎማ፣ ስለ ኬላው ሰልፍ፣ ስለበላው ጥብስ አውርቶ አውርቶ ሲጨርስ፣ እኔ «ሆዱን ያመዋል» ብዬ እገላገላለሁ። ሐኪሞቹ ይወዱኛል።

ለዘሐራም እንዲሁ ነበር የማስተረጉመው። የከሚሴ ልጅ ናት፤ ባሕሩን ተሻግራ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ ስትመለስ እዚህ ካርቲየ 2 ሰፈር የቀረች። በሁለት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ደረቷን ይዛ መጣች። ልቧን አዩ፣ ደሟን መረመሩ፤ ምንም የለም። እሷ ብዙ ታወራለች፣ እኔ «ደረቷን ያፍናታል» እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ ሙቀት ለአየር ማቀዝቀዣው ብላ ነው የምትመጣው ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

ለስድስተኛ ጊዜ ስትመጣ ነርሷ ሐዋ በሶማሊኛ ተቆጣችኝ። «ዶክተሩ ታስመስላለች ብሏል፤ ከዛሬ ወዲያ ከበር ይመልሷታል። ግን ልጅቷ ይህን ሁሉ ስታወራ፣ አንተ ሁለት ቃል ብቻ ትሰጠኛለህ?»

አፈርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘሐራን እስከ መጨረሻው ሰማኋት። አከራይዋ ገበያ ስትሄድ፣ ሌባ እንዳይገባ ብላ የግቢውን በር ከውጭ ትቆልፋለች። ቁልፉ ሲዞር የዘሐራ ትንፋሽ ቁርጥ ይላል፤ በሩ እንደተከፈተ ወደዚህ ትሮጣለች። ባሕር ማዶ የነበረው አሠሪዋም እንዲሁ ይቆልፍባት ነበር። ይመታትም ነበር።

«እዚህ በሩ ክፍት ነው ጋሼ፤ ብሞት እንኳ ሰው ያየኛል» አለችኝ። ለካ ይህንኑ አምስት ጊዜ ነግራኛለች!

አንድም ሳላስቀር አስተረጎምኩ። ሐዋ ዶክተሩን ጠራችው፤ ቆሞ ሰማ። ከበር መመለሱ ቀረና ለማክሰኞ የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ ተጻፈላት። እኔም ኮራ ብዬ፣ «አይዞሽ፣ የቁልፉን ነገር ከአከራይሽ ጋር እጨርሰዋለሁ፤ ማክሰኞም እኔው አስተረጉምልሻለሁ» አልኳት።

ዘሐራ መሬት መሬቱን አየች።

«አላህ ይስጥልኝ ጋሼ። ለማክሰኞው ግን ሴት ፈልግልኝ። ለአንተ የነገርኩህ ግማሹን ነው።»

ሌላውን ግማሽ አልጠየቅኳትም። ሴት ፍለጋ ወጣሁ።