የሐያት ጆሮ እና የእኛ አፍ

ሐኪም ፊት ተቀምጦ የማይዋሽ ሰው የለም! አለሁ የምትሉ እስቲ እጃችሁን አውጡ... «መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስደዋል?» ስትባሉ «አንድም ቀን አልዘለልኩም!» ያላላችሁ የትኞቻችሁ ናችሁ? እኔና ባለቤቴ ዘይነባ ግን እንብሳለን። እኛ ያላረገዝነውን ልጅ አምጠን ወልደናል።

ዘይነባ ጂዳ ሠርታ ወደ ከሚሴ ስትመለስ ሐያት የምትባል ሕፃን ይዛ መጣች። የልጅቷ እናት ከዘይነባ ጋር የምትሠራ ሱዳናዊት ነበረች፤ አላህ ይዘንላትና፣ ስትሞት አደራዋን በዘይነባ ላይ ጣለች። አባትየው ቀድሞ ሞቷል። እኛም በአገራችን ወግ ሽማግሌ ሰብስበን፣ ተመርቀን ልጃችን አደረግናት። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ዛሬ ፍርድ ቤቱም ጋዜጣውም ይጠቀምበታል፤ ክብደቱን የምናውቀው ግን እኛ የከሚሴ ኦሮሞዎች ነን። በጉዲፈቻ የወሰዱትን ልጅ «አልወለድኩትም» ማለት ነውር ነው። እኛ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገብተናል።

ሐያት ስድስት ዓመቷ ነው። እንደ ሚዳቋ ትሮጣለች፣ ሰው ታስቃለች፤ ስሟን ሲጠሯት ግን አትዞርም። ትምህርት ቤቱ «መጀመሪያ አስመርምሯት» አለን። በሚኒባስ ደሴ፣ ሆስፒታል ወጣን።

ውሸቱ ገና ካርድ ክፍል ተጀመረ።

«የልጅቷ ስም?»

«ሐያት ኢድሪስ።»

«እርስዎስ?»

«አባቷ ነኝ። ይማም እባላለሁ።»

ጸሐፊው ቀና አለ። ኢድሪስ የሚለውን የወላጅ አባቷን ስም አልነጠቅናትም፤ ሃይማኖታችን አይፈቅድም። ይህን ማስረዳት እየቻልኩ «እ... እሱማ...» አልኩ። ዘይነባ ደረሰችልኝ፦ «ይማም የቤት ስሙ ነው!»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። «እርግዝናው እንዴት ነበር?» ብላ ጀመረች።

«ከባድ ነበር! ዘጠኝ ወር ሙሉ ሎሚ አምሮኝ...»

«እኔ ነኝ የማመላልሰው» አልኩ። ማን ጠየቀኝ?

«ምጡስ?»

«ከሱብሂ ሶላት እስከ ዙህር!»

«የት ወለዱ?»

«ጂዳ» አለች ዘይነባ። «ከሚሴ» አልኩ እኔ፣ እኩል። የሐኪሟ እስክሪብቶ ቆመ። «ጂዳ ጀምሯት... ከሚሴ ነው የጨረሰችው» ብዬ አስታረቅሁ።

«ከቤተሰብ የመስማት ችግር ያለበት አለ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! ሰው አባት ነኝ ካለ ከዘሩ አንድ ነገር ማዋጣት አለበት መሰለኝና «አያቴ አይሰሙም ነበር፤ አጎቴም እንደዚያው» አልኩ። እሱስ እውነት ነው። «እንግዲያው እርስዎም ይመርመሩ» ተባልኩ። ሐያትና እኔ በየተራ ጆሯችን ላይ ማዳመጫ ተገጥሞልን፣ ድምፅ ስንሰማ እጃችንን እንድናወጣ ተነገረን። ሐያት ድምፁን የምትለቀውን ነርስ ጣት እያየች፣ አዝራሩ በተነካ ቁጥር እጇን ታወጣለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ ሲያዞሯት ነው ነገሩ የታወቀው። እጇ ጉልበቷ ላይ ቀረ።

ሐኪሟ ውጤቱን አይታ እንዲህ አለችን፦ «በዘር የመጣ ከሆነ ረጋ ብለን እንከታተላለን። የማጅራት ገትር ዓይነት ከባድ ትኩሳት ታማ ከሆነ ግን ጊዜ የለንም፤ ጆሮዋ ከውስጥ አጥንት ሠርቶ ሳይዘጋ መቅደም አለብን። እስካሁን እንደነገራችሁኝ በዘር ነው።»

ወደ ዘይነባ ዞርኩ። የጂዳው ሐኪም ወረቀት ዘይነባ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አረብኛውን እሷ ታነበዋለች፤ ሐያት በሦስት ዓመቷ በትኩሳት ሆስፒታል መተኛቷ ተጽፏል። ግን ወረቀቱ የእናቷንም ስም ይናገራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል እያወቅን፣ እኛ በሽታውን ብቻ ሳይሆን እናቲቱንም ደብቀናል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር...» ብዬ ስጀምር ዘይነባ ጎኔን ጎሸመችኝና ሐኪሟ እንዳይገባት በኦሮምኛ «ጨሊሲ!» አለችኝ። ዝም በል ማለቷ ነው።

ሐኪሟ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «አኒስ ነን ደገአ» አለች። እኔም እሰማለሁ... ለካ እዚያው ከሚሴ አጠገብ የጨፋ ሮቢት ልጅ ናት!

ያ ረቢ! መሬት ብትከፈት የምንገባበት ሰዓት ነበር። እሷ ግን ካርዱ ላይ «ኢድሪስ» የሚለውን በእስክሪብቶዋ ነክታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴ፣ የጉዲፈቻን ወግ አውቀዋለሁ። ቃል የገባችሁት ልጅቷ ባይተዋር እንዳትሆን ነው እንጂ ደንቆሮ ሆና እንድትቀር አይደለም» አለቻት።

ዘይነባ አለቀሰች። ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በጣቷ እየተከተለች አነበበችላት። የእናቲቱ ስም ላይ ስትደርስም አልዘለለችውም። «ግን እንተለ ኮ ናት! የኔው ልጅ ናት!»

«ማን አይደለችም አለ?» አለች ሐኪሟ። ሐያት በዚያው ቀን ሲቲ ስካን ተነሳች። አልሐምዱሊላህ፣ ጆሮዋ ከውስጥ አልተዘጋም፤ ግራው የተረፈ የመስማት አቅም አለው። የጆሮ መሣሪያ ታዘዘላት።

ልንወጣ ስንል «አባት፣ እርስዎ ይቆዩ» ተባልኩ። ለካ የእኔም ውጤት ወጥቷል! ቀኝ ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል አሉ፤ የአያቴ ውርስ ሳይሆን አይቀርም። ለእኔም መሣሪያ ታዘዘ።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት በእጄ የያዝኩትን የእኔንና የሐያትን የጆሮ መሣሪያ ማዘዣ አየት አድርጋ ልጅቷ ምን ሆና እንደሆነ ጠየቀች። ዘይነባ የምትመልሰውን ለመስማት ደህናውን ጆሮዬን አዞርኩ።

«ምንም አልሆነች፤ በአባቷ ወጥታ ነው።»