የአቶ ማን ወሰነ ዝምታ

በየትኛውም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ እጁን አውርዶ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ጸሎቱ ሳያልቅ እጁ ይወጣል፤ ሻይ እየተቀዳም አይወርድም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥናቱን በምትመራው የትምህርት ቤት መምህርት ሳሎን ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ክቡር አቶ ማን ወሰነ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው የጥናቱ ሰዎች ናቸው፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። ሥራቸው መጽሐፍ መጠረዝ ነው።

ጥያቄያቸው አንድ ናት፤ ይቺ መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጠር ብሎ ማን ወሰነ? ጉባኤ ነው ትላቸዋለች መምህርቷ። ጉባኤውን ማን ጠራው? አባቶች። አባቶችን ማን ሾማቸው? ቤተ ክርስቲያን። ቤተ ክርስቲያንስ ሥልጣኑን ከየት አመጣችው? ከመጽሐፉ። ይሄኔ ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ "ከየትኛው?" ይላሉ፤ ጥናቱም ተመልሶ ከተነሳበት ቁጭ። አንዴ ሠርግ ላይ ጥቅስ እንዲያነቡ ቢጋበዙ፣ መልእክቱን በእርግጥ ማን እንደጻፈው ሩብ ሰዓት ሲያብራሩ ሙሽራዋ ቆማ ጠብቃለች። ስለ ትዕግሥት በተጠናበት ቀንማ ሁለት ሰዎች ትዕግሥታቸው አልቆ ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

መምህርቷ አብራት የምትኖር እናት አለቻት። እናትየዋ ቤተ ክርስቲያኗ ሌላ ነው፣ ካቶሊክ ናት፤ መጽሐፍ ቅዱሷም ከልጇ በሰባት መጻሕፍት ይበልጣል። በዚህ የተነሳ እናትና ልጅ ተኳርፈው ባያውቁም አብረው አንብበውም አያውቁም። ታዲያ የእናትየዋ መጽሐፍ አርጅቶ ጀርባው ተገነጠለና ቅጠሉ ረገፈ። በሰፈሩ ደግሞ ከአቶ ማን ወሰነ ሌላ ጠራዥ የለም።

መምህርቷ ሙጫ ሙጫ ወደሚሸተው ጠባብ ሱቅ ገባች። የተበታተነውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰባቱን አስቀርተው የቀረውን ብቻ እንዲጠርዙላት ለመነቻቸው። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፣ አታስተውለውም፤ በስተርጅናዋ እንኳ በትክክለኛው ትጽናና አለቻቸው።

ከዚያ የተለመደውን ጥያቄ ጠበቀች። አልመጣም። ሰውየው ቅጠሎቹን በአውራ ጣታቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ ሐሙስ ነይ ብቻ አሏት።

ያ ዝምታ እረፍት ነሳት። ሰሌዳ ፊት ቆማ ክፍልፋይ ስታስተምር ሳይቀር፣ እኔንስ ማን ሾመኝ የሚል ሐሳብ ይመጣባት ጀመር። ሐሙስን መጠበቅ አቅቷት ረቡዕ ሄደች።

መጽሐፉ ገና አልተሰፋም። ጠራዡ እጥፋቶቹን፣ አንድ ላይ የታጠፉትን ቅጠሎች፣ በተራ ደርድረው ጠርዝ ጠርዛቸውን ያያሉ።

"ሠላሳ ዓመት ጠርዣለሁ" አሏት። "ሰው የቱን እንዳነበበ፣ የቱን እንደዘለለ ከጠርዙ አውቃለሁ። የእኔው ራሱ ግማሹ ገና እንደተገዛ ነው። የእናትሽን ግን እዪው።"

አየች። ከሁሉ በላይ የጠቆረው፣ ጫፉ በጣት ብዛት የሳሳው፣ ይቅርልኝ ካለቻቸው አንዱ ነበር፤ ዓይኑ ለጠፋ አባት ልጁ መድኃኒት ይዞለት የሚመጣበት።

"አውጣው ካልሽ አወጣዋለሁ" አሉ ረጋ ብለው። "እኔ ግን አልደፈርኩም።"

መምህርቷ የሳሳውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ እጥፋቱን አንስታ ከጓደኞቹ መሃል በቦታው መለሰችው።

"ሁሉንም ይስፉት።"

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ የተሰፋውን መጽሐፍ ተቀብላ፣ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ያንን ታሪክ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል ብላ አላመነችም፤ ዛሬም አታምንም። እናትየዋ ግን ልጇ ቃል በሳተች ቁጥር በቃሏ እያረመቻት እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ሲያልቅም ፊቷን በእጇ ዳበሰቻት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠራዡ ጉንፋን ጥሏቸው ቀሩ። ጥናቱ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ሁሉም ተስማማ፤ ሻዩ እንኳ ገና አልፈላም። መምህርቷ የተስማሙትን ፊቶች አንድ በአንድ ስታይ ድብርት ወረራት። ተነሱ አለቻቸው። ሻዩን በፔርሙስ ሞልታ፣ መጽሐፍ መጽሐፋቸውን አስይዛ፣ ሁሉንም ወደ ጠራዡ ቤት ነዳቻቸው።

ሰውየው ብርድ ልብስ እንደተከናነቡ በሩን ከፈቱ።

"ምን ሆናችሁ?"

"ተስማምተን ተቸገርን" አለቻቸው መምህርቷ፣ ፔርሙሱን እያቀበለቻቸው።