የፒክአፑ የእግር ሥራ

በድሉ፦ (ከፒክአፑ ሥር ተኝቶ) አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነው ያልኩህ።

ተስፋ፦ አሥራ ዘጠኝ እኮ ነው የሰጠሁህ።

በድሉ፦ ይሄ አሥራ ሰባት ነው።

ተስፋ፦ ላዩ ላይ አሥራ ዘጠኝ ይላል።

በድሉ፦ ተጽፎ ያየኸውን ሁሉ ታምናለህ? እኔ መፍቻ በእጄ ስይዘው አውቀዋለሁ።

ተስፋ፦ እስቲ የብሎኑ ዳዶ ላይ ሞክረው።

በድሉ፦ (ሞከረ፤ ልክ ሆነ) ዳዶው ነው ያበጠው።

ክርክሩ የሚካሄደው ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለ አፓርታማ ፓርኪንግ ውስጥ ነው፤ መኪና መጠገን ክልክል ነው ከሚለው ሰሌዳ ፊት ለፊት። ፒክአፑ የተስፋ አባት የአቶ ኃይለማርያም ነው። ይሠሩበት የነበረው ኤርፖርት ባለፈው ዓመት ከስቴፕልተን ወደ ሩቅ ስፍራ ሲነሣ እሳቸው አብረው አልተነሡም፤ ሥራቸው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህች መኪና የሰው ዕቃ እያመላለሱ ልጃቸውን ኤልዳናን ነርሲንግ ያስተምራሉ። አሁን ግን የፊት እግሯ አልቆ፣ መሪው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። በድሉ ታክሲ ነጂ ነው፤ ልጠግን ብሎ የመጣውም ለጽድቅ አይደለም። ኤልዳናን ማግባት ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ነገ ከቸርች በኋላ ወደ አባትየው ይመጣሉ፤ ዛሬ የእግር ሥራውን ሠርቶ እሺታቸውን ቀድሞ ሊያበስል ነው። ተስፋ የኤልዳና ታላቅ ወንድም ነው፤ በድሉ ግን የሚያየው መናገር እንደሚችል የመፍቻ ሣጥን ነው።

ተስፋ፦ በድሉ፣ ይሄን ሥራ ግን የት ተማርከው?

በድሉ፦ አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት፣ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ።

ተስፋ፦ እዚያ ዘበኛ ነበርክ አይደል?

በድሉ፦ ዘበኛ ማለት ሌሊቱን ሙሉ ከመኪኖቹ ጋር የሚያድር ማለት ነው። መካኒኮቹ የሚያዩዋቸው ቀን ቀን ብቻ ነው። ማን የበለጠ የሚያውቅ ይመስልሃል?

ተስፋ፦ እንደሱ አስቤው አላውቅም።

በድሉ፦ አንተ ምኑን አስበህ ታውቃለህ? መሪው ተቆልፏል። ቁልፉን ከአባትህ ተቀበልና ክፈተው። በመስኮት እጅህን አስገብተህ ስልህ ታዞራለህ። ከዚህ እንዳትርቅ ግን፤ ዕቃ ታቀብለኛለህ።

ተስፋ፦ አባዬ ቁልፋቸውን ለሰው አይሰጡም እኮ።

በድሉ፦ ለእኔ ነው በላቸው።

(ተስፋ ወደ ቤት ወጥቶ ተመለሰ። አቶ ኃይለማርያምም እንደተባለው ቁልፋቸውን ለሰው አልሰጡም፤ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ራሳቸው ይዘውት መጡ። የሹፌሩ በር ስለማይከፈት በወዲያኛው በኩል ገብተው፣ ወንበሩ ላይ ተንሸራተው መሪው ፊት ተቀመጡ። መስኮቱ ክፍት ነው። በድሉ ከሥር ሆኖ የሚታየው የተስፋ ጫማ ብቻ ነው።)

በድሉ፦ ምንድነው እንዲህ የምታወዛውዘው? አትደገፍበት።

ተስፋ፦ እኔ አልተደገፍኩም። በድሉ፣ አባዬ…

በድሉ፦ አባዬ አባዬ አትበለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላህ ነው። ወደ ቀኝ አዙር።

ተስፋ፦ (ወደ መስኮቱ) ወደ ቀኝ ያዙሩ።

(መሪው ወደ ቀኝ ዞረ።)

በድሉ፦ አንቱ ማለት ጀመርክ? ደግ አደረግህ። ነገ አማችህ መሆኔ ነው፤ ከአሁኑ ልመደው። አሁን ይሄን ጉድ ስማ። ዳዶውን የሚይዝ ፒን መግባት ያለበት ቦታ ላይ የልብስ መስቀያ ሽቦ ጠምዝዞበታል። ንዝረት የሚይዘው ጎሚኒ ደግሞ ጎሚኒ አይደለም፤ ከአሮጌ ጎማ በቢላዋ የተቆረጠ ነው።

ተስፋ፦ ምናልባት ለጊዜው ብሎ ይሆናል የሠራው ሰው።

በድሉ፦ ይሄን የሠራው ሰው አይደለም። እንዲህ ያለውን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ኪሱን መስፋት ነው።

(ተስፋ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። ሽቦውን የጠመዘዙት፣ ጎማውንም የቆረጡት አባቱ ናቸው፤ ያለፈው ክረምት በረዶ ላይ ተኝተው። አቶ ኃይለማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ነው እንደማለት።)

ተስፋ፦ በድሉ፣ ድምፅህን ቀነስ ብታደርገው ይሻላል።

በድሉ፦ ማንን ፈርቼ? የአፓርታማውን ማኔጀር ሴትዮ?

ተስፋ፦ እሷን አይደለም። መሪውን የሚያዞሩት…

በድሉ፦ አዙር ስልህ አዙር፣ ዝም በል ስልህ ዝም በል። ሁለት ነገር አንዴ ከተጫነብህ ጭንቅላትህ እንደሚግል አውቃለሁ። ኤልዳና እንኳ ተስፋን ተዉት፣ እሱ ነገር አይገባውም ትላለች።

ተስፋ፦ ኤልዳና እንደዚያ አለች?

በድሉ፦ ባትልም ታስባለች።

(እዚህ ላይ ተስፋ ተናደደ። እስከ አሁን የበድሉን ገመና ሊሸፍንለት ደክሟል፤ ከእንግዲህ አይደክምም። የእጅ ባትሪውን አስተካክሎ አበራለትና፣ ፊቱን የዋህ አስመስሎ ይጠይቀው ጀመር።)

ተስፋ፦ መቼም አንተ አዋቂ ነህ። ነገ አባዬ እሺ የሚሉ ይመስልሃል?

በድሉ፦ እሺ ብለው ጨርሰዋል። የሽማግሌ አመራረጤን አላየህም? ጋሽ ወርቁን ለምን የያዝኩ ይመስልሃል? ሲጸልይ ያለቅሳል። እሱ ካለቀሰ አባትህም ያለቅሳሉ። አባትህ አንዴ እንባቸው ከመጣ ደግሞ የተጠየቁትን ይሰጣሉ። ወደ ግራ።

ተስፋ፦ ወደ ግራ ያዙሩ።

(መሪው ዘግይቶ ዞረ።)

በድሉ፦ ምን ያንቀላፋሃል?

ተስፋ፦ ሳስብ ነው። ኤልዳናንስ ጠይቀሃታል?

በድሉ፦ ይሄ የእግሯ መገጣጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱ፣ ተጠይቆ ነው የገባው? አባትየው ከተያዙ እሷ የት ትሄዳለች?

ተስፋ፦ ትምህርቷስ?

በድሉ፦ የምን ትምህርት? ቀኑን ሙሉ ታክሲ ስነዳ ውዬ ማታ የቀዘቀዘ ፒዛ ልበላ? ይቺን ሴሚስተር ትጨርስና ይበቃታል። አባትህም ይረፉ። በዚህ ዕድሜ የሰው ሶፋ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ውርደት ነው። ፒክአፑን ለእኔ ይተዉልኝና ቤታቸው ቁጭ ብለው ይዘምሩ።

ተስፋ፦ ይሄን ሁሉ ነገ ትነግራቸዋለህ?

በድሉ፦ ቂል ነህ እንዴ? ለእሳቸው የምለው እርስዎ እንዳሉ ጋሼ ብቻ ነው። ሌላውን ከሠርጉ በኋላ ቀስ እያልኩ እፈታዋለሁ። ዳዶ በጉልበት አይፈታም፤ ይሰበርብሃል። ወደ ቀኝ።

ተስፋ፦ ወደ ቀኝ ያዙሩ።

(መሪው አልዞረም።)

በድሉ፦ ቀኝ አልኩ እኮ። ተስፋ?

ተስፋ፦ እኔማ ነገርኳቸው።

በድሉ፦ ለማን?

(በወዲያኛው በኩል በር ተከፍቶ ተዘጋ። ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሁለት እግሮች በመኪናው ፊት ዞረው መጡና ከተስፋ ጫማ አጠገብ ቆሙ።)

በድሉ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ተስፋ፣ ይሄ የማን እግር ነው?

ተስፋ፦ የአባዬ። መሪውን ሲያዞሩልህ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

(በድሉ ቶሎ አልወጣም። እዚያው ሥር የሚከራይ ክፍል ቢኖር ኖሮ ያለ ድርድር ይይዘው ነበር።)

አቶ ኃይለማርያም፦ ውጣ ልጄ። ሲሚንቶው ወገብህን ያምሃል።

በድሉ፦ ጋሼ… መቼ መጡ?

አቶ ኃይለማርያም፦ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ስትለኝ እዚሁ ነበርኩ።

በድሉ፦ (እየተንፏቀቀ ወጣ) ያ የሽቦው ነገር… ማን እንደሠራው አላወቅኩም እኮ።

አቶ ኃይለማርያም፦ እኔ ነኝ የሠራሁት። ስለ ሽቦው የተናገርከው አላስከፋኝም። ያንን አስሬ፣ ዕቃ ጭኜ ሀይዌይ መውጣቴ ጥፋት ነበር።

በድሉ፦ እርስዎ እንዳሉ ጋሼ።

(ቃሉ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ተስፋ ሳቁን ለመዋጥ ዞር ብሎ መፍቻ መልቀም ጀመረ።)

አቶ ኃይለማርያም፦ ነገ ሽማግሌዎቹን አታድክማቸው። ሽማግሌ የሚላከው ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ለአባት ሊነግር ነው። እኔ ከራስህ አፍ ሰምቻለሁ። ወንድም ወርቁ እንኳ ይሄን ያህል አያውቅህም።

በድሉ፦ ጋሼ፣ ከተስፋ ጋር ስንቀልድ እኮ ነው።

አቶ ኃይለማርያም፦ ቀልዱን ለኤልዳና እነግራታለሁ። ደስ ካላት ራሷ ትጠራሃለች።

በድሉ፦ ተስፋ፣ በወንድምነት፣ አንድ ጥሩ ነገር እንኳ በልልኝ እንጂ።

ተስፋ፦ (ቆም ብሎ ከልቡ አሰበ) አባዬ፣ ቦል ጆይንቱን ግን ጥሩ አድርጎ ነው የገጠመው።

አቶ ኃይለማርያም፦ እሱንማ አየሁ። (ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ) መኪናዋን በተበላሸች ቁጥር መጥቶ ይሥራት፤ ፈቅጃለሁ።