የጎባው ፎቅ ሁለተኛ መውጫ

ሰምና ወርቅ ለቅኔ ያምራል፤ ለቤት አሠራር መመሪያ ግን አይሆንም። «ውጣ» ስንል በበር ነው ወይስ ዳገት? ኦሮምኛውም አያድነንም፤ «ባሂ» ሲሉዎት ከቤትም መውጣት ነው፣ ተራራም መውጣት ነው። በዚህች አንዲት ቃል የተነሳ ሚስቴ ጣራ ላይ ልትወልድብኝ ምንም አልቀራት!

በደርግ ዘመን ጎባ ውስጥ ከቀበሌ በተከራየነው አሮጌ ፎቅ ላይ አራት አባወራ እንኖር ነበር። ደረጃችን አንድ፣ ያውም የእንጨት። ከሥሩ ምን ተቀምጧል? የኅብረት ሱቁ ላምባ! ሚስቴ አልማዝ ደግሞ ወሯ ገብቷል። እሳት ቢነሳ ይህቺ ሴት በየት ልትወጣ ነው? ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤታችን ሐጂ ከድር፣ ሽማግሌ የሌለበት አቤቱታ ሰሚ የለውም ብለው አብረውኝ ቀበሌ ሄዱ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ሽፈራው ላምባው የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነውና አይነካም አለን። ሰፊው ሕዝብ እኛን አይጨምርም መሰለኝ። መመሪያውን ሲያገላብጥ ግን ፊቱ በራ፤ ለካስ ፎቅ ቤት ሁለት መውጫ ይኑረው ይላል። እኔም መርቄው ወጣሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ቀበሌው የላከው አናጢ ኮርኒሱን ቀዶ፣ ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ ወደ ጣራ የሚያስወጣ መወጣጫ ቸንክሮ ጨርሷል። ሁለተኛው መውጫ እንግዲህ ይኸው ነው። እየሮጥኩ ሄጄ ሊቀመንበሩን ብጠይቀው፣ መመሪያው መውጫ ነው እንጂ መውረጃ አይልም አለኝ። እስቲ ይሄ አያቃጥልም? አንጀቴ አረረ። የጎባ ብርድ አልበቃ ብሎን ዝናቡንም በቀዳዳው እንቀበል ጀመር። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ጓድ ሽፈራው ሥራውን ሊያደንቅ ፎቃችን ላይ ወጣ። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ከአልማዝ በቀር ተከራዩም ሁሉ እዚያው ነው። ታች የኅብረት ሱቁ ሻጭ ላምባ ሲቀዳ ፈሰሰበትና ከሲጋራው ተያያዘ። ጭሱን አይቼ ስሮጥ ስደርስ ደረጃው ይነዳል። ቀና ብል ሚስቴ ሆዷን ይዛ ጣራው ላይ ቆማለች፤ ሊቀመንበሩ ከጎኗ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጧል።

ሠፈርተኛው በአፈር ተረባርቦ እሳቱን አጠፋው፤ ደረጃው ግን ከሰል ሆኗል። ሐጂ ከድር ከግቢያቸው መሰላል አምጥተው ግድግዳው ላይ አስደገፉ። አልማዝን ደግፌ አወረድኳት። እግሯ መሬት ሲነካ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሐጂም መሰላላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።

ጓድ ሽፈራው ከላይ፣ ወዴት ይወስዱታል፣ እኔስ እያለ ጮኸ።

ሐጂ ዞር ብለው አዩት። «አንተማ ልጄ፣ ወጥተህ የለ እንዴ?» አሉት፤ «አልሐምዱሊላህ በል!»