ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት በሃቫና ስትሪት

የመኪና ፍቅር የያዘው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? መንዳት የሚወደውን ማለቴ አይደለም። ስለ ሞተር እያወራ ምሳችሁን የሚያቀዘቅዝባችሁን ነው። ጓደኛዬ ግርማ እንዲህ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በአሮጌ መኪና ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል፤ ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ካልነዳ ግን የኖረ አይመስለውም።

ባለፈው ቅዳሜ እኔን ለምስክርነት አስከትሎ፣ እዚህ ባሕር ማዶ በምንኖርበት ከተማ ሃቫና ስትሪት የሚባል ጎዳና ላይ ወዳለ መኪና መሸጫ ሄደ። ያን የሚመኘውን ባለ ስድስት መቶ ነድቶ ለመሞከር፣ ለቴስት ድራይቭ፣ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሙሽራ ነው የሚመስለው! ሻጩ ከጎኑ ተቀመጠ፤ እኔ ጉልበቴን አገጬ ሥር ሸጉጬ ከኋላ ገባሁ። ግርማ አማተበና ነዳጁን ረገጠው። መኪናው እንደ አንበሳ አገሳ፤ አንገቴ ሊቀነጠስ ምንም አልቀረው። ወዲያው ቀይ መብራት ያዘን።

አረንጓዴ ሲበራ እንደገና አገሳ፤ እንደገና ቀይ ያዘን። ሦስተኛው መብራት ላይ አንዲት ያረጀች መኪና ቀስ ብላ አጠገባችን ቆመች። የሚነዱት የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት እማማ ዘነበች ናቸው። መስኮታቸውን አወረዱ።

“ግርማ ልጄ፣ ምነው እየጮኸ አልሄድ አለህ? ተበላሸ እንዴ?”

“ኧረ አዲስ ነው እማማ!”

“አይዞህ፣ ጥሩ መካኒክ አውቃለሁ” አሉትና መብራቱ ሲለቅ ቀድመውን ሄዱ።

ስንመለስ ሻጩ በፈገግታ “እንዴት አገኘኸው?” አለው። ግርማ ቁልፉን አስረከበውና ወደ እኔ ዞረ።

“መኪናውንስ ይሸጡልኛል” አለኝ በአማርኛ፤ “መንገዱን ማን ይሸጥልኛል?”